የሽቱ ስንጥቅ ቅል

ይህ ከላያችሁ የተንሰራፋው ዋርካ፣ ፍየል ቆማ የምትቀነጥበው ችግኝ በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ ቁርቁራ መንደር ሽቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። እኔ አልደረስኩባትም። የደረሰችባት ነገረችኝ፤ ማን እንደሆነች ስጨርስ ትሰማላችሁ። እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

ሽቱ ውሃ ቀጂ ነበረች። ከወንዝ ውሃ ቀድታ ለሰው ቤት ታመጣለች፣ በዚያ ትኖራለች። ባል የላትም። መሬት የላትም። ወሬም የላትም። ዓይን አፋር ከመሆኗ የተነሳ ሰላም ሲሏት መልሱን ለመሬት ነበር የምትናገረው። ሲጠይቋት አንድ ቃል ትመልሳለች። ሁለት ቃል የመለሰች እንደሆነ ያ ነገር በመንደሩ ሳምንት ይወራል።

በዚያ ዘመን በቁርቁራ ፍየል የሚታለበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጧት ብቻ ነበር። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የሚጠብቀው ግን የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹም አሊጋዝ ነበር። አሊጋዝ አርባ ፍየል ነበረው። የፍየል ጡት እንደ ኩሬ ነው ብሎ ያምን ነበር። ካልነኩት ይጠራቀማል፣ ቶሎ ቶሎ ከነኩት ይሸሻል። ትልቅ እንግዳ ይመጣል የተባለ እንደሆነ ፍየሎቹን ሁለት ቀን ሳያልብ ያቆያቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሦስት እጥፍ ላገኝ ነው ብሎ። በሦስተኛው ቀን ፍየሎቹ ጡታቸው አብጦ ይራገጣሉ፣ እንግዳውም ደረቅ እንጀራ በልቶ ይሄዳል። አሊጋዝ ግን እምነቱን አልለወጠም። «እንግዳው ቸኩሎ ነው» ይል ነበር።

አንድ ዓመት የሽቱ ታናሽ እህት ሴት ልጅ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። የልጅቷ አባት ቀደም ብሎ በወባ ሞቷል። ሕፃኗ በሽቱ እቅፍ ቀረች። ስሟን ጦይባ አሏት። በመንደሩ የምታጠባ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም መንታ ነበራት።

ሽቱ ጦይባን ታቅፋ ወደ አሊጋዝ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ከማለዳ እስከ ረፋድ ቆመች። መናገር አቃታት። የአሊጋዝ ሚስት መሬማ ብቅ አለች።

«ሽቱ፣ ውሃ አመጣሽ?»

ሽቱ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንደ ምሰሶ የተተከልሽብኝ?»

ሽቱ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሕፃኗን አሳየቻት። መሬማ ገብታ ባሏን ጠራችው።

አሊጋዝ ዳሚት የምትባል ዳማ ፍየል ነበረችው። ከአራት ቀን በፊት ግልገሏን ቀበሮ በልቶባታል። ግልገል የሌላት ፍየል ደግሞ በቁርቁራ አትታለብም። ወተቷን አትሰጥም ይባላል፤ እስክትነጥፍ፣ ማለትም ወተቷ እስኪቋረጥ ድረስ ትጠበቅና ትታረዳለች። አሊጋዝ ዳሚትን አየ፣ ሕፃኗን አየ፣ ጢሙን አሻሸ።

«ይቺን በርቢ ውሰጃት» አለ። «አብዪያት፣ አጠጪያት። ወተቱ ያንቺ፣ ከወለደች ግልገሉን እንካፈላለን። የነጠፈች ቀን ግን መልሰሽ ታመጫታለሽ። ለአረፋ አርዳታለሁ።»

አረፋ ሁለት ወር ቀርቶታል። አሊጋዝ ሁለት ሳምንት የምትቆይ አልመሰለውም ነበር።

መሬማም የበኩሏን ጨመረች። ማለቢያ ይሁንሽ ብላ አንዲት ቅል ከግድግዳ አውርዳ ሰጠቻት። መሬማ ለጋስ ነበረች፤ የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ትሰጥ ነበር። ቅሏ ወገቧ ላይ ተሰንጥቃ ሃያ ዓመት ተሰቅላለች።

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። ሽቱ ልታልብ ተቀመጠች፣ ዳሚት ረገጠቻት። እንደገና ተቀመጠች፣ እንደገና ረገጠቻት። ሦስተኛ ተቀመጠች፣ ዳሚት አልረገጠችም፤ ዞር ብላ ግልገሏን ፈለገች፣ ስታጣው ወተቷን ያዘች። ጦይባ ታለቅሳለች። ሽቱ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ሰው የለም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንደ ግልገል ጮኸች።

«ሜእእእ።»

ዳሚት ዞረች። የሽቱን ራስ አሸተተች። ፀጉሯን ላሰቻት። ወተቱም መጣ።

መጣ፣ ነገር ግን ቅሏ ስንጥቅ ናት። ከስንጥቁ በላይ የሚታለብ ሁሉ በሽቱ ጉልበት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሽቱ እስከ ስንጥቁ ድረስ ብቻ ታልባለች፣ ወተቱን በፈላ ውሃ ታቀጥናለች፣ ጥጥ እየነከረች ጦይባን ታጠባለች። ጦይባ ትተኛለች። ጦይባ ትነቃለች። የጧቱ ወተት እንዳይቆይ የቆላ ሙቀት ያበላሸዋል። ሽቱ እንደገና ትነሳለች፣ እንደገና ትጮኻለች፣ እንደገና ታልባለች። ጎህ ሲቀድ ታልባለች። ረፋድ ላይ ታልባለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ታልባለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ታልባለች። ውሃ ስትወርድም እንስራው ከኋላ፣ ጦይባ ከፊት፣ ዳሚት ከጎን፣ ቅሏ በእጅ። ስሟ ሽቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከሩቅ ፍየል ፍየል ትሸት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ወተቱ ከስንጥቁ ሳይደርስ ይቆም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት አልፎ ፈሰሰ። ጡቱ በተራቆተ ቁጥር ለመሙላት የሚቸኩል ይመስል ነበር። አንዳንድ ሰዎች ዳሚት በቀን አንድ ጋን ትታለብ ነበር ይላሉ። ውሸት ነው፣ እንዳትቀበሏቸው። ጋን አይደለም። አራት ጊዜ እስከ ስንጥቁ ነው። ግልገል ለሌላት አንዲት ፍየል ግን ይህ ብዙ ነው።

ወር አለፈ። አሊጋዝ ፍየሏ ነጥፋ ይሆናል ብሎ ገመድ ይዞ መጣ። ዳሚት ቆማ የግራር ፍሬ ታመነዥካለች። ጦይባ እጥፍ እጥፍ ያለ ጭኗን እያወራጨች ሳር ላይ ተጋድማለች።

«ይህ ሁሉ ወተት ከየት መጣ?» አለ አሊጋዝ።

«ከዳሚት» አለች ሽቱ ለመሬቱ።

አሊጋዝ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመ። አርባ ፍየል ያለው ሰው አንዲት ፍየል ባላት ሴት ፊት ሲቆም የሚሰማውን ነገር አላውቅም፤ አርባ ፍየል ኖሮኝ አያውቅም። ብቻ አሊጋዝ በዚያው ቀን ሽቱ ወንዝ ዳር እየተደበቀች የሰው ፍየል ታልባለች አለ። መንደሩም አለ።

«እውነት ሆኖ ከተገኘ ፍየሏን ትመልሻለሽ፣ አገሩንም ትለቂያለሽ» አላት።

ሁለተኛው ፈተና ይህ ነው። ነገሩ እስኪጣራ መሬማ ሦስት ቀን ሙሉ ሽቱን እንድትጠብቅ ተላከች። ከጎህ እስከ ምሽት እየተከተለች ጠበቀቻት። ሽቱ ወንዝ ስትወርድ ወረደች፣ ስትወጣ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ምሽት እግሯን እያሻሸች ተመለሰች።

«እህ፣ ምን አየሽ?» አለ አሊጋዝ።

«ትጮኻለች።»

«ፍየሏ?»

«ሽቱ።»

«ፍየሏስ?»

«ታዳምጣታለች።»

«የእኛን ፍየሎች ነካች?»

«አጠገባቸውም አልደረሰች።»

«ታዲያ ወተቱ ከየት ነው?»

መሬማ ራሷን ያዘች። «ከየት ይሆናል፣ ከቅሏ ነው እንጂ። ትሞላለች፣ ትገለበጣለች። ትሞላለች፣ ትገለበጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ አላልቅ አለች። እንዲያ ያለች ቅል ሃያ ዓመት በላዬ ላይ ተሰቅላ ኖራ፣ በገዛ እጄ አውርጄ ልስጥ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ሽቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ስትነሳ አይታለች። ያየችው ግን ቅሏን ብቻ ነበር።

በማግስቱ አሊጋዝ ሄዶ ቅሏን ወሰደ። ሰው እንዳያማው በምትኩ ትልቁን የወተት ማለቢያ ግሬራ ሰጣት። ከሣር ተጠቅጥቆ የተሰፋ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ፣ አንዲት ጠብታ የማያፈስ፣ የስንጥቋን ቅል አምስት እጥፍ የሚይዝ ግሬራ ነው። ሽቱ እምቢ አላለችም። ጭቃ ሹምን እምቢ የሚል ሰው ያን ጊዜ በቁርቁራ አልነበረም።

አሊጋዝ በስንጥቋ ቅል አርባ ፍየሎቹን አለበ። እንደ ደንቡ ጧት፣ አንድ ጊዜ። ወተቱ በስንጥቁ ወጥቶ ሱሪው ላይ ወረደ። የሚፈሰውን አይቶ በረከቱ ሞልቶ ተረፈ አለ። ጭቃ ሹሙ በወተት የራሰ ሱሪ ለብሶ በመንደሩ ሲያልፍ ውሾች ሁሉ ተሰልፈው ተከተሉት። መንደርተኛው ይህን አየ። ጭቃ ሹም የያዘው ነገር ከንቱ አይሆንም አለና፣ የየቤቱን ቅል አውርዶ ወገብ ወገቡን በድንጋይ መታ። በዚያ ሳምንት በቁርቁራ ደህና ቅል አልተገኘም። አንዱ አጥብቆ መትቶ ሁለት ጭልፋ አተረፈ። ወተት ግን ያተረፈ የለም።

አሁን ሦስተኛው ፈተና ነው። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ ምክንያቱም የመጣው በደግ ሰዎች አፍ ነው።

ሴቶቹ የሽቱን ግሬራ አዩና ተሰበሰቡባት። «እንግዲህ ዕቃ አገኘሽ። እንደ ሰው ጧት አንዴ እለቢና ተገላገዪ» አሏት። «ይህን ሜእ ሜእ ማለቱንም ተዪው። ልጅቷ ነገ ስታድግ ማን ያገባታል? የፍየል ልጅ ሊሏት ነው።»

ሽቱ አፈረች። ተወችው። ጧት አንድ ጊዜ አለበች። በመጀመሪያው ቀን ግሬራው እስከ ግማሹ ደረሰ፣ ደስ አላት። በሁለተኛው ቀን ከግማሽ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። በሰባተኛው ቀን የግሬራውን ታች አርሶ ቆመ። ሽቱ የግራር ፍሬ ጨመረች፣ አልሆነም። ዳሚትን ከምንጩ ራስ አጠጣቻት፣ አልሆነም። የጦይባ ጭን እጥፉን ጣለ። አረፋ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በሰባተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጦይባ አለቀሰች። ያን ጊዜ ዳሚት ማንም ሳይጠራት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ልማድ ሆኖባታል። የሽቱም እጅ እንደ ልማዱ ቅሏን ሊያወርድ ወደ ግድግዳው ተዘረጋ። ቅሏ የለችም። ሽቱ እጇ እንደተዘረጋ ቆማ ቀረች። ፍየሏን አየች፣ ባዶውን ችንካር አየች፣ ግሬራውን አየች። ከምድጃው ከሰል አንስታ፣ ቅሏ ብትሆን ስንጥቁ ይደርስ በነበረበት ልክ፣ በግሬራው ውስጥ ዙሪያውን መስመር አሰመረች። ከዚያ ተንበረከከችና ጮኸች።

«ሜእእእ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አራት ጊዜዋ ተመለሰች። ዳሚት አምስት ቀን አኮረፈች። በስድስተኛው ቀን ወተቱ ከሰሉን ነካ።

አሊጋዝ ግን ዳሚት ነጠፈች የሚለውን ወሬ ሰምቷል። ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀር ገመዱን ይዞ መጣ። በገዛ እጁ ሊያያት ተቀምጦ አለባት። ሽቱ ጎህ ሲቀድ አልባት ነበርና ያገኘው ከመዳፍ አይሞላም።

«ነጥፋለች። ቃል ቃል ነው» አለና ገመዱን አንገቷ ላይ አገባ።

ሽቱ ገመዱን በሌላ ጫፉ ያዘች። አልጎተተችም፣ አልለቀቀችም። እንዲሁ እንደተያያዙ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ሙሄ ነበሩ። ሸንጎው እዚሁ ዋርካው ስር ነው። ዋርካው ያን ጊዜ ችግኝ ስለነበረ ጥላ የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ነበር የሚቀመጡት። የድሮ ፍርድ አጭር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ጥላው ሰፍቶ፣ አንድ ነገር ለመቁረጥ ሦስት ወር እንቀመጣለን።

«ሽቱ ልጄ፣ የምትይው አለ?» አሉ አባ ሙሄ።

ሽቱ ለመሬቱ አንድ ነገር ተናገረች።

«እኛ ከመሬቱ በላይ ነን። ለእኛ ንገሪን።»

ጦይባ ደረቷ ላይ አለቃቀሰች። ሽቱ ቀና አለች።

«ነገ ዋሉልኝ፣ አባባ። እስከ ማታ ዋሉልኝ።»

ስድስት ቃል ነው። ሰዉ ተያየ። አባ ሙሄ ፀሐይዋን አዩ፣ ተነፈሱ፣ «እንውላለን» አሉ። ሁለት እኩል እንስራ ይምጣ፣ አሊጋዝ የወደዳትን ፍየል ያምጣ፣ እንደ ደንቡ ይለብ። ሽቱም እንደ ልማዷ ትለብ። የዳሚት ወተት ካነሰ ትታረዳለች ተባለ።

በማግስቱ ሰዉ በማለዳ ተሰበሰበ። አሊጋዝ ምርጧን ቦራ ፍየሉን አመጣ። የመጣው ደህና ግሬራ ይዞ ነው፤ ስንጥቋን ቅል ቤቱ ደብቋታል። አለበ፣ ወደ እንስራው ገለበጠ፣ ጋቢውን አንጥፎ ተቀመጠ። ሽቱም አለበች። የእሷ የእሱን ግማሽ አይሆንም። ሰዉ ሳቀ።

ረፋድ ሆነ። ሽቱ ተነሳች። ብቻዋን ሆና የምትጮኸውን ጩኸት አሁን ሁለት መቶ ሰው ፊት ልትጮኸው ነው። ጆሮዋ ቀላ። ጮኸች። አንድ ሰውዬ ሳቁ አልቆምለት ብሎ በሰው ተደግፎ ወጣ። ወተቱ ግን መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ሽቱ ተነሳች፣ ጮኸች፣ አለበች። አሁን ብዙም የሳቀ የለም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንጎላጃሉ። መሬማ ተንጠራርታ ሁለቱን እንስራ አየች፣ ባሏን አየች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ሆነ። ሽቱ ተነሳች። አፏን ከፈተች። ድምጿ የለም። ቀኑን ሙሉ በአቧራና በሐሩር ጮኻ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። እንደገና ሞከረች፣ እንደ በር ሲጢጥ አለች። ዳሚት በሰዉ ብዛት ተሰላችታለች፣ ዞራ አላየቻትም። ወተቷን ያዘች። አሊጋዝ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ገመዱን አነሳ።

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ መሐል አንድ ድምፅ መጣ።

«ሜእእእእ።»

አባ ሙሄ ናቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው። አገር የሚፈራቸው፣ ሲያስሉ ሰው ቁጭ ብድግ የሚልላቸው አባ ሙሄ ናቸው። ማንም አልሳቀም። መሳቅ እንዴት እንደሆነ እንኳ ሰዉ ጠፍቶበት ነበር። ዳሚት ዞረች። ወደ አባ ሙሄ ሄዳ ጢማቸውን አሸተተች። ሽቱ ግሬራዋን ይዛ ከስር ተቀመጠች። ወተቱ መጣ። ገለበጠችው። የሽቱ እንስራ የአሊጋዝን በአራት ጣት በለጠ።

አሊጋዝ ሁለቱን እንስራ ደጋግሞ አየ። «ቅሏን ወሰድኩባት» አለ። «መንደሩም ቅሉን ሁሉ ሰነጠቀ። ታዲያ ምን ጎደለን?»

ሽቱ በጎረነነ ድምጿ መለሰችለት። «ቅሏ ስንጥቅ ስለሆነች ነው ተመልሼ የምነሳው። እናንተ ሰነጠቃችሁ፣ አልተነሳችሁም።»

ይህን ብላ ተመልሳ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ስንት ቃል እንደተናገረች ግን ያን ቀን የቆጠረ የለም።

ዳሚት ከሽቱ ጋር ቀረች። አሊጋዝ ለአረፋ አንድ ያረጀ ወጠጤ አረደ፤ ሥጋው እስከ ማግስቱ ሲታኘክ ነበር። ቅሏንም ለሽቱ መለሰላት። ኋላ እሱም ፍየሎቹን ደጋግሞ ማሳለብ ጀመረ። እሱ ራሱ ሜእ ብሎ አያውቅም ይባላል። የግድግዳ ጎረቤቱ ግን እንዲያ አትልም ነበር።

እንግዲህ በቁርቁራ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ማለቢያ ቅል ወገቡ ላይ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። እንግዳ ሰው ያየውና ለሙሽራ የተሰነጠቀ ቅል ይሰጣል ወይ ብሎ ይታዘበናል። ይታዘበን። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም ሰዓቱን ሽቱ እንለዋለን፤ «ሽቱ ሲሆን እመጣለሁ» እንባባላለን። በዚያ ሰዓት መንገደኛ በመንደሩ ቢያልፍ ከየጓሮው የሴት ሜእታ ይሰማል፣ ደንግጦም እርምጃውን ያፋጥናል።

ይህን የነገረችኝ ያን ወተት የጠጣችው ናት። ጦይባ የእናቴ እናት ናት። ዘጠና ዓመት ኖራለች። ጥርሷ ካለቀ በኋላ እንኳ በቀን አራት ጊዜ ካልበላች ሰው አታስቀምጥም ነበር። የልጅነት ልማድ ነው፣ ምን ይደረጋል።

በሉ፣ የዋርካው ጥላ ከእግሩ ስር ገብቷል። ሽቱ ሆነ። ቅሎቻችሁን አንሱና ወደየፍየሎቻችሁ። ሰው ያየኛል ብሎ ማፈር የለም፤ አባ ሙሄም አላፈሩ።